እልል ከማለታችን በፊት

«ተፈወስኩ» የሚል ሰው ሲመጣ ግማሾቻችን እልል እንላለን፣ ግማሾቻችን እንስቃለን። እስቲ የፈረንሳይዋን ሉርድ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1858 በርናዴት የተባለች ልጅ «ድንግል ማርያምን አየሁ» ካለች ወዲህ ሕመምተኛ ይጎርፍባታል። ከ1883 ጀምሮ ግን ሐኪሞች እዚያው ቢሮ ከፍተው ይመረምራሉ። ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች ተፈወስን ብለዋል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እስከ ኤፕሪል 2025 ድረስ ተአምር ብላ የተቀበለችው 72 ብቻ ነው። ሐኪሞቹ «በሕክምና ልናስረዳው አልቻልንም» ብለው ያቆማሉ፤ ተአምር ነው የሚለው ጳጳሱ ነው።

የሚስቀው ወገናችን ለ72ቱ መልስ የለውም። እልል ባዩም ስለ ሺዎቹ አይጠይቅም። እኛን የሚያሳስበን አንድ ምስክርነት ሰምቶ ኪኒኑን የሚጥለው ሕመምተኛ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ዓመታት ካጣራች፣ እኛስ «መድኃኒትህን እየወሰድክ ጸልይ» ብንለው ምን ይጎድልብናል?