የተማሩት እንዳይረሱ፦ ስለ ጎልማሶች ትምህርት የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በጎልማሶች ትምህርት መምህርነት፣ በአመቻችነትና በመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት የተሰማራን የአንድ ማኅበር አባላት፣ በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን የሚከበረውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ቀን ምክንያት በማድረግ መክረን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው መለኪያ፣ ስለ ዕለት ኑሮው አጭርና ቀላል ነገር ተረድቶ ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው ማንበብና መጻፍ ከሚችሉት ጋር ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን ሰው በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ንባብ፣ ጽሕፈትና ስሌት የሚጠይቁ ሥራዎችን ማከናወን መቻሉ መለኪያ ሆነ። ማኅበራችን የሚቀበለው ይህን ሁለተኛውን ነው። በይዞታ ደብተሯ የሰፈረውን የማሳዋን ስፋት ራሷ የምታረጋግጥ ገበሬ፣ የብድር ውል ከመፈረሟ በፊት ወለዱን የምታሰላ ነጋዴ፣ ከልጇ የክትባት ካርድ የቀጠሮውን ቀን የምታነብ እናት የትምህርቱን ዓላማ ያሳያሉ። ሕግና ውል በጽሑፍ በሚሠራበት አገር፣ ማንበብ የማይችል ዜጋ መብቱን የሚያውቀው ሌላው በነገረው ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ የፍትሕም የልማትም ጉዳይ ነው።

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደርሶ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወገኖችን ከፊደል ገበታ ፊት አስቀምጧል፤ የዩኔስኮ ሽልማትም አግኝቷል። ይሁንና በየመንደሩ የሚነበብ ነገር በመጥፋቱና በወቅቱ የነበረው ጦርነትም በመክፋቱ ከተማሩት ብዙዎቹ ፊደሉን መልሰው ረስተውታል። ዘመቻው ሰፊውን ሕዝብ ማስተማር እንደሚቻል አሳይቷል፤ የተማሩትን ይዞ ማቆየት ግን ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን አስተምሮን አልፏል።

ይህን መነሻ በማድረግ የሚከተሉትን አቋሞች ይዘናል፦

1. የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ሁለት ዓመት አስተምሮ የሚያበቃ መሆን የለበትም። እያንዳንዱ የትምህርት ጣቢያ ሲከፈት የድኅረ መሠረተ ትምህርት በጀትና ንባብ ቤት አብሮ ይታቀድለት።

2. ጎልማሳው በሚናገርበት ቋንቋ ይማር። በቋንቋው የመጀመሪያው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ የሚያነበው የእርሻ፣ የጤናና የሕግ ጽሑፍም ይዘጋጅ።

3. አመቻችነት ሙያ ነው። በቂ ሥልጠናና በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ ያለው አመቻች ይመደብ፤ ሥራው በልማትና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ እንደ ትርፍ ሸክም መጫኑ ይቁም።

4. ሴቶች ከክፍል የሚቀሩት ፍላጎት አጥተው ሳይሆን ጊዜ አጥተው ነው። ሰዓቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይወስኑ፤ የሕፃናት ማቆያም ይዘጋጅ። ውሃና ወፍጮ ማቅረብም የእነሱን ትምህርት ማገዝ ነውና ከትምህርት ዕቅዱ ጋር ይያያዝ።

5. የተመዘገበ ሁሉ ተማረ ተብሎ ሪፖርት አይደረግ። ጎልማሳው በማያውቀው አጭር ጽሑፍ ይመዘን፤ ትምህርቱን በጨረሰ በዓመቱም ምዘናው ይደገም።

ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች እነዚህን ነጥቦች በመጪው የበጀት ዓመት ዕቅዳቸው እንዲያካትቱ እንጠይቃለን። አሳታሚዎች፣ የሃይማኖት ተቋማት፣ ዕድሮችና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለንባብ የሚሆን ቦታና መጻሕፍት እንዲያበረክቱ ጥሪ እናቀርባለን። እኛም በበኩላችን ለጀማሪ አንባቢ የሚሆኑ አጫጭር ጽሑፎችን ያለክፍያ ለማዘጋጀት፣ አዳዲስ አመቻቾችን ለማገዝና የምዘናው ውጤት ቢያኮራም ቢያሳፍርም ሳይሸፋፈን ለሕዝብ እንዲገለጽ ለመታገል ቃል እንገባለን።