ኢንቹ ጨመረ፣ ቁመቱ የት ገባ?

ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ጽሕፈት ቤት ከከፈትኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ አልፎ አልፎም የሽምግልና ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከዚህ ውስጥ 14ቱን ዓመት ያሳለፍኩት ከአንድ ሞኒተር ጋር ተፋጥጬ ነው። ባለ 17 ኢንች፣ ካሬ ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ ጠርዙ የወፈረ ግራጫ ዕቃ ነበር። ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ ብልጭ አለና ጨለመ። ጠጋኙ ከፍቶ ካየው በኋላ "ጋሼ፣ ይሄን ከሚያሠሩ አዲስ ቢገዙ ይሻልዎታል" አለኝ።

ሄጄ ገዛሁ። የሱቁ ልጅ ትሑት ነው፤ ወንበር አቀረበልኝ። "17 አሁን አይመጣም ጋሼ፤ ይሄ 18.5 ነው፣ ኤችዲ ነው፣ ከድሮው ይበልጣል" አለኝ። 18.5 ከ17 እንደሚበልጥ ለማወቅ ጠበቃ ማቆም አያስፈልግም። ከፍዬ ተሸክሜው መጣሁ።

በማግሥቱ የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ የውርስ ክርክር ያለባቸው እናት ነበሩ። አቤቱታቸውን ከፍቼ ሥራ ስጀምር ጣቴ ከማውሱ ጎማ ላይ አልነሳ አለ። ወጥቼ አነባለሁ፣ ወርጄ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትን ለማመሳከር መልሼ እወጣለሁ። እሳቸውም "ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። የጠፋብኝን ያወቅሁት ከሄዱ በኋላ ነው። በድሮው ሞኒተር በአንድ ጊዜ 27 መሥመር ይታየኝ ነበር። የአዲሱን ቆጠርኩት፤ 18።

ማስመሪያ አወጣሁ። የሞተው ሞኒተር ጠረጴዛው ሥር ነበርና ጎትቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። የድሮው መስታወት ወርዱ 33.7 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 27። የአዲሱ ወርዱ 41፣ ቁመቱ 23። አንድ ኢንች ተኩል ጨምሬ ገዝቼ አራት ሳንቲ ሜትር ቁመት ተቀነሰብኝ። ወርዱን በቁመቱ ባባዛው የድሮው 910 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ የአዲሱ 943 ሆነ። ትርፌ ሁለት የክብሪት ቀፎ የሚያስቀምጥ ቦታ ነው፤ እሱም ቢሆን በጎን በኩል፣ ምንም በማልጽፍበት።

ነጥቡን ስቆጥረው ደግሞ ባሰ። ስክሪን ላይ የሚታየን ፊደልም ፎቶም የሚሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ ፒክስል የሚባሉት እነሱ ናቸው። የድሮው በወርዱ 1280፣ በቁመቱ 1024 ነበሩት፤ ሲባዛ 1,310,720። አዲሱ 1366 በ768 ነው፤ 1,049,088። ከየአምስቱ ነጥብ አንዱ ቀልጧል ማለት ነው። "ይበልጣል" የተባልኩት እንግዲህ ይሄ ነው።

ልጁ አልዋሸኝም። ያሳሳተኝ የኢንቹ አለካክ ነው። የስክሪን ኢንች ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ የሚለካ ርዝመት ነው፤ ወርዱንም ቁመቱንም ለብቻው አይነግረንም። በዚህ ጽሕፈት ቤት ስንት የቤትና የቦታ ውል እንደጻፍኩ እግዜር ይወቀው፤ አንድም ገዢ "ከጥግ እስከ ጥግ ስንት ሜትር ነው?" ሲል ሰምቼ አላውቅም። "ካሬው ስንት ነው?" ይላል፤ ቀጥሎ "ፊቱ ስንት ሜትር ነው?" ይላል። ደላላው በሰያፍ ገመድ ዘርግቶ ዋጋ ቢጠራ ሰፈሩ ይስቅበታል። ያው ጠያቂ ገዢ ሞኒተርና ስልክ ሲገዛ ግን በሰያፍ ተለክቶለት አሜን ብሎ ይከፍላል። ኢንቻቸው እኩል ከሆነ ደግሞ ስፋት የሚጎድለው ሁልጊዜ ወርዱና ቁመቱ ይበልጥ የተራራቁት ነው። ባለ 14 ኢንቹ የጥንት ላፕቶፕ፣ ወርዱ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር 4 በ3 የነበረው፣ ስፋቱ 607 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነበር። ባለ 14 ኢንቹ 16 በ9 ላፕቶፕ 540 ነው።

4 በ3 የመጣው ከፊልም ነው። ከኤዲሰን ጋር ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ያወጣው ቅርጽ ነው። ቴሌቪዥን ከፊልም ወረሰው፣ ኮምፒዩተር ከቴሌቪዥን። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ቪጂኤ የተባለ የስክሪን ደረጃ 640 በ480 ነበር፤ ከዚያ 800 በ600 መጣ፣ ከዚያ 1024 በ768። ሁሉም 4 በ3 ናቸው። የኔው 17 ኢንች 5 በ4 ስለሆነ ከነሱም ይልቅ ቁመታም ነበር። 16 በ9 የተወለደው ግን በእርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኬርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በሲኒማና በቴሌቪዥን የሚሠራባቸውን ቅርጾች ስፋታቸውን እኩል አድርጎ ደራረባቸው። ቁመታሙን ቴሌቪዥንና ወርዳሙን ሲኒማ የሚያስታርቅ ሆኖ ያገኘው 16 በ9ን ነው። ጥሩ ሽምግልና ነው፤ እንደ ሽምግልና ደብዳቤ ጸሐፊነቴ አደንቀዋለሁ። ችግሩ በዚያ ሽምግልና ላይ ወረቀት አለመጠራቱ ነው። ኤ4 ወረቀት 21 ሳንቲ ሜትር በ29.7 ነው፤ ቆሞ የሚነበብ።

ከዚያ በኋላ ለቴሌቪዥን የተለመደው ቅርጽ ለኮምፒዩተርም ሆነ፤ ለፋብሪካ ይረክሳላ። 1366 በ768 ራሱ ከድሮ ልብስ የተሰፋ አዲስ ልብስ ነው። ቁመቱ፣ 768፣ ከድሮው 1024 በ768 የቀረ ነው። ያንን ቁመት በ16 አባዝታችሁ ለ9 ብታካፍሉት 1365 ከሲሶ ይመጣል፤ ነጥብ ደግሞ አይሰነጠቅም፤ 1366 ተባለ። ስለዚህ በትክክል ከተሰላ 16 በ9 እንኳ አይደለም። ብዙዎቹ "ኤችዲ" የተባሉ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖችም ይሄው ነጥብ ነው ያላቸው። (እግረ መንገዴን፦ የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ የተቀረጸው በ4 በ3 ካሜራ ነው። እናታችን ቤት ያለው ቴሌቪዥን ዳር እስከ ዳር ለጥጦ ያሳየዋል፤ ሙሽራው በሲሶ ወፍሯል። በሪሞት ይስተካከላል ብዬ ብነግራቸው "ተወው፣ አምሮበታል" አሉኝ።)

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፊደላችን ነው። ዎርድ ላይ ባለ 12 መጠን ፊደል መቶ በመቶ ሲታይ የሚመደብለት ቁመት 16 ፒክስል ነው፤ ከዚያም ላይ ከላይና ከታች ክፍት ቦታ ይቀነሳል። በተረፈው ውስጥ "ከ"ን ከ"ክ" የምትለየው ስብራት አንዲት ሁለት ነጥብ ብትሆን ነው። ባለፈው ጥቅምት በአንድ የብድር ክስ ላይ "ገንዘቡን ይክፈለኝ" መባል ያለበትን "ይከፈለኝ" ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም አማርኛ ነው፣ ሁለቱም ጆሮ አይቆረቁርም፤ ነገር ግን አንደኛው ከፋዩን ይጠቁማል፣ ሌላኛው ማንም ይክፈል ማን ብሎ ይተወዋል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አላየሁትም። ከታተመ በኋላ ግን ወረቀቱን እንዳነሳሁ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሌዘር ፕሪንተር በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ሲያትም ለዚያችው ባለ 12 ፊደል በቁመቷ 100 ነጥብ ይሰጣታል። 16 እና 100! ስንቱ ጸሐፊ ነው ስሕተቱን ከፕሪንት በኋላ የሚያገኘውና ወረቀት አባከንክ ተብሎ የሚወቀሰው?

ዘዴ ፈለግሁ። ዊንዶውስ ላይ የስክሪኑን አቅጣጫ ማዞር ይቻላል። የሞኒተሩ እግር ስለማይዞር ጎረቤቴ ያለው ብየዳ ቤት የብረት ማቆሚያ ሠራልኝ። አሁን ወርዱ 768፣ ቁመቱ 1366 ሆነ። ኤ4 ገጽ መቶ በመቶ ሲታይ 794 ፒክስል ወርድ ይፈልጋል፤ በ26 ነጥብ አልገባ አለኝ። ወደ 90 ዝቅ ሳደርገው ግን ሙሉ ገጹ፣ ከፍርድ ቤቱ ስም እስከ ቃለ መሐላው፣ ፊቴ ቁጭ አለ። ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ አዛውንት ባለጉዳይ በስተግራዬ ተቀምጠው ሲያነቡ "ልጄ፣ ጽሑፉ ነጣብኝ፤ ቀለም አልቆብሃል መሰለኝ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ርካሽ ሞኒተር ከላይ ወይም ከታች ሲያዩት ቀለሙ ይበላሻል፤ ሳዞረው ያ ላይና ታች የነበረው ግራና ቀኝ ሆነ። ባለጉዳይ ደግሞ የሚቀመጠው ከጎን ነው። አሁን ረቂቁን ለማስነበብ ወንበር እለዋወጣለሁ።

"ታዲያ ፉል ኤችዲ ለምን አትገዛም?" የሚለኝ ይኖራል። 1920 በ1080 ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ብቻውን አይበቃም። ባለ 14 ኢንች ፉል ኤችዲ ላፕቶፕ ላይ ፊደሉ ስለሚያንስ ዊንዶውስ ሁሉንም ነገር በ150 በመቶ አጉልቶ ያሳያል። ያን ጊዜ ፊደሉ ጥርት ይላል፤ የሚታየው መሥመር ብዛት ግን 1280 በ720 ካለው ስክሪን አይበልጥም። ጥራት ሌላ፣ ቦታ ሌላ። ጎረቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ወርዳሙን ስክሪን ትወደዋለች፣ የኤክሴል ዓምዶቿ ከጥር እስከ ታኅሣሥ ይዘረጉላታል። አልፈርድባትም። ለጽሑፍ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ቁመት ነው። ይህ የገባቸው አምራቾችም አሉ፦ የአፕል ማክቡኮች 16 በ10 አካባቢ እንደሆኑ ዘልቀዋል፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ሰርፌስ ፕሮ 3 ደግሞ 2160 በ1440 ነው፣ 3 በ2። ዋጋቸው ግን ለልደታ ጸሐፊ አይቀመስም።

ስልክ ላይ ያለው ጨዋታ ደግሞ የባሰ ያስቃል። ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ ትልቅ የሚባለው ስልክ ባለ 5.5 ኢንች፣ 16 በ9 ነበር፤ የስክሪኑ ወርድ 6.9 ሳንቲ ሜትር ግድም። የዛሬው ባለ 6.6 ኢንች፣ 20 በ9 ስልክ የስክሪኑ ወርድ ስንት ነው? ያው 6.9 ሳንቲ ሜትር ግድም። አንድ ኢንች ከምናምን የጨመረው ወደ ላይ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አልከፋም፤ የቴሌግራም መልእክት ወደ ታች ነው የሚነበበው። ግን ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች በወርዳቸው ያላቸው 720 ነጥብ ብቻ ነው። በዚያች 6.9 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 21 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ኤ4 ሲጨመቅ፣ ባለ 12 የነበረው ፊደል ባለ 4 ይሆናል። ደንበኞቼ በየሳምንቱ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ስካን አድርጎ የለጠፈውን ማስታወቂያ "እስኪ አንብብልኝ" ነው የሚሉት። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች አይደሉም። ያ ማስታወቂያ በተራ ጽሑፍ ቢለጠፍ ስልኩ ራሱ መሥመሩን አጥፎ በሚነበብ መጠን ያሳያቸው ነበር። ማኅተም ያለበት ስካን ካስፈለገም ከሥሩ ጽሑፉን መገልበጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጨረታ። ለአቅራቢዎች የጨረታ ሰነድ ስሞላ ስለ ሞኒተር የማገኘው አንዲት መሥመር ናት፦ "18.5 ኢንችና ከዚያ በላይ"። በዚያች መሥመር የተገዛው ዕቃ ስንት ጸሐፊ፣ ስንት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፊት ለዓመታት ይቀመጣል። ግዥ ክፍል ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ ሐረግ ጨምሩበት፦ "ቁመቱ ከ1080 ፒክስል ያላነሰ"። ነጋዴዎችም ዋጋውን በምትጽፉበት ካርቶን ላይ ከኢንቹ ጎን ሁለቱን ቁጥሮች ጻፉ፣ ወርድና ቁመት በነጥብ። ለእናንተ እስክሪብቶ ነው፤ ለገዢ የዓመታት ዓይን ነው።

ለጽሑፍ ሥራ ሞኒተር ልትገዙ የምትሄዱ ደግሞ አንድ ኤ4 ወረቀት አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ሱቁ ውስጥ ዘርግታችሁ መስታወቱ ላይ አቁሙት፤ ከአናቱ ካለፈ ተዉት። 16 በ9 የሆነ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ቁመቱ 29.9 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወረቀቱ 29.7።