የካዛንቺስ እናቶች መድረክ ያሻቸዋል

ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው በወረራው ዘመን ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት ግን ቡና ቤት ከፍተው፣ ጠላ ጠምቀው፣ እንጀራ ጋግረውና የሰው ልብስ አጥበው ልጆች ያሳደጉ ሴቶች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነባሩ መንደር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ብዙ ነዋሪዎች ገላን ጉራን ወደመሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። ቤት በካሬ ሜትር ይለካል። አርባ ዓመት ምጣድ ፊት የተቀመጠች ሴት ድካምስ በምን ይለካል?

ጥያቄው የስሜት ብቻ አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በሰው ቤትና በጉልት ካረጁት መካከል የጡረታ ደብተር ቀርቶ፣ ሠራተኛ እንደነበሩ የሚያስረዳ ወረቀት የሌላቸው ብዙዎች ናቸው። ማስረጃቸው ትዝታቸው ነው።

ይህን ትዝታ ለሕዝብ ለማድረስ ቴአትር ተስማሚ ነው፤ ማንበብና መጻፍ አይጠይቅምና። ነገር ግን መድረካችን ለእነዚህ ሴቶች ደግ ነበር ማለት አይቻልም። በመጀመሪያ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ያንን ልማድ ከሰበሩት ቀዳሚዎች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናቸው። እሳቸውም በ2004 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት ሕይወታቸው «አስኒ» በተባለው የራሔል ሳሙኤል ዘጋቢ ፊልም የተቀረጸው በእርጅናቸው ነው። ዝነኛዋ እንዲህ ከዘገየባቸው ስም የለሾቹ እንዴት ይሆናሉ? ኮማሪቷንና የቤት ሠራተኛዋን እስከ ዛሬ በአብዛኛው የምናውቃቸው ሳቅ መፍጠሪያ ወይም የሌላ ሰው ታሪክ ማዋዣ ሆነው ነው።

«ለተቸገረች አሮጊት ቴአትር ምን ያደርግላታል? እርዳታ ይሻላታል» የሚል አይጠፋም። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሆኖም ሥራዋ ሥራ ተብሎ ያልተቆጠረላት ሴት የምታገኘው ምጽዋት ነው፤ የተቆጠረላት ግን መብት ትጠይቃለች።

ስለዚህ አሠራሩ ወሳኝ ነው። ባለታሪኳ ፈቅዳ መናገር፣ ጽሑፉ ከመታየቱ በፊት ተነቦላት ያልወደደችውን ማስወጣት፣ ከመግቢያው ገቢም ድርሻ ማግኘት አለባት። አለዚያ ጉልበቷን ርካሽ የገዛናት ሰዎች ታሪኳን ደግሞ በነጻ እንወስዳለን። ትርኢቱም በትልልቆቹ አዳራሾች ብቻ አይቅር፤ የቀድሞ ጎረቤቶቿ ወደ ሄዱበት ግቢ ይድረስ። እዚያ ስታዛንፍ የሚያርሟት፣ ስትረሳም የሚያስታውሷት ሰዎች አሉ።