ክረምት በእውነት ያስደስታልን?

የዓመቱ ፈተና አልቆ ሻንጣ መጠቅለል ሲጀመር በግቢያችን ከአፍ አፍ የሚዞረው ቃል «መልካም ክረምት» የሚለው ነው። ምኞቱ የፍቅር ነውና አንነቅፈውም። ዳሩ ግን ክረምት በእውነት የደስታ ወራት ነውን? ነው ከተባለስ ለማን ነው? ብዙዎቻችን ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር የወጣን የገበሬ ልጆች ስለሆንን ይህን ጥያቄ ሳናነሣው ብናልፍ ተገቢ አይመስለንም።

በመጀመሪያ የስሕተቱን ምንጭ እንመልከት። በልጅነታችን ባነበብናቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የሚሞቅባቸው፣ በባሕር ዳር የሚዋኝባቸው የፈረንጅ ልጆች የጨዋታ ወራት ናቸው። ወራቱ ስለ ገጠመልን «ሰመር» የተባለውን ቃል «ክረምት» ብለን ተረጐምን፤ ከቃሉም ጋር የሰውየውን ደስታ አብረን ወሰድን። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል ለአውሮፓ ብራና ሙቀት ትሰጣለች። ለእኛ ግን ያችው ፀሐይ የዝናቡን መቀነት አስከትላ ትመጣለች፤ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስም ተራራችንን ደመና ያለብሰዋል። ስለዚህ የእነርሱ የዕረፍት ወራት ለእኛ የእርሻ ወራት ነው።

ክረምትን የሚወዱ ጓደኞቻችን በበኩላቸው ማስረጃ አያጡም። የደረቀው ጋራ ይለመልማል፤ ምንጩ ይፈልቃል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ይጨፈራል፤ ወሩ ከተጋመሰ በኋላም የላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬ፣ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ይጫወታሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ መጠጣትም የወሎ ሰው አሳምሮ የሚያውቀው ደስታ ነው። ይህን ሁሉ አንክድም። የምንጠይቀው ከቡናው ጋር የሚቀርበው ቆሎ ከየት ይመጣል ብለን ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ጎተራ የገባው ማሽላና ጤፍ ሐምሌ ሲደርስ እየተሟጠጠ ነው፤ አዲሱ ደግሞ ገና ቡቃያ ነው። በገበያ እህል የሚወደደው በዚሁ ጊዜ ነው። ሥራ የሚበረታውም በዚሁ ጊዜ ነው። ጤፍ ይዘራል፤ ማሽላው ሽልሻሎ ይፈልጋል፤ አረሙ ደግሞ ቀን አይሰጥም። በተለይ አቀንጭራ የተባለው ጠላት ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጠዋል። ሐምራዊ አበባው ሲታይ ያምራል፤ ሳይነቀል ካፈራ ግን አንዱ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። በቅርባችን ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ማሽላ የሚደክመው በከንቱ አይደለም። ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ በቆላው ወባ ይነሣል፤ ለአጨዳ የሚጠበቀውን ጉልበት አልጋ ላይ ያስቀረዋል። እንግዲህ ሰው በባዶ ጎተራ ከባዱን ሥራ የሚሠራበትን ወራት የደስታ ወራት ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል?

ይሁን እንጂ ክረምት ከሚያመጣው መከራ ይልቅ ክረምት ሲቀር የሚመጣው ይብሳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረሃብ፣ ከዚያም የ1977ቱ እልቂት ዝናብ ከመቅረቱ ጋር የተያያዙ ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኞ ክረምቱን ባጠፋው ጊዜም በተከታዩ ዓመት በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆኗል። ስለዚህ ገበሬው ክረምትን የሚጠብቀው ይዝናናበት ዘንድ አይደለም፤ የከርሞ እንጀራው በእርሱ ስለ ተንጠለጠለ ነው። ደስታው የሚመጣው እሸት ሲደርስ ነው። ክረምት ራሱ ተስፋና ሥጋት የተቀላቀሉበት ወራት ነው።

ታዲያ የእኛ የተማሪዎች ቦታ የት ነው? እውነቱን እንናገር። ጎተራው በተሟጠጠበት ሰዓት ወደ ቤታችን የምንገባ አንድ ተጨማሪ አፍ ነን። ሁለት ተጨማሪ እጅም ይዘን እንገባለንን? ወይስ «ተምሯል» ተብለን ጋቢ ተከናንበን እናቶቻችን ከአረም ሲመለሱ ራት እንጠብቃለን? ከመካከላችንም ቤተ ሰቡን ላለማስቸገር ሲል ወደ አገሩ ሳይገባ በከተማ የቀን ሥራ ሲፈልግ የሚከርም አለ። ለእርሱ «መልካም ክረምት» የሚለው ቃል ምን ትርጉም ይሰጣል?

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ወደ ገጠር የሚገባ ተማሪ ከአረሙ ሥራ አይቅር፤ አቀንጭራውን ከማበቡ በፊት ይንቀል። ዝናቡ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን፣ በቅርቡ ባለው ገበያ የእህሉን ዋጋ እየጻፈ ይያዝ። ትምህርት ሲከፈት መምህራኖቻችን ይህን መዝገብ ተቀብለው ከእኛ ጋር ቢመረምሩት ከብዙ የቤት ሥራ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ማኅበራችንም መግቢያ የሌላቸውን ጓደኞቻችንን ከወዲሁ ቆጥሮ ክረምቱን የሚያሳልፉበትን መንገድ ከግቢው አስተዳደር ጋር ይምከር፤ ግቢው ከተዘጋ በኋላ መነጋገር ለማንም አይበጅም።

በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ባሳዩ ጊዜ ነበር ብዙ ተማሪ የገበሬውን ረሃብ በዓይኑ ያየው። እኛ ግን ሌላ ሰው ፎቶግራፍ አንሥቶ እስኪያሳየን መጠበቅ አይገባንም፤ የምናየው በገዛ ደጃችን ነውና።

ይህን አስተያየት የሚቃወም ቢኖር መልሱን ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ በደስታ እናነበዋለን።