አርባ ስምንት ጊዜ ያነሰ ጄት

ከአገዳ፣ ከጭቃ ወይም ከጣሳ አውሮፕላን የሚሠራ ልጅ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሚሆነው ሥራውን ከቁም ነገር የሚቆጥር መምህር ነው። «ጨዋታህን ተውና ፊዚክስህን አጥና» እንለዋለን፤ በእጁ የያዘው ፊዚክስ መሆኑን ሳናስተውል። በእኔ እምነት የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጁ ማስመሪያ ይያዝና በልክ ይሥራ።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት በኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ አየር ኃይል የሶማሊያን ሚግ-21ዎች የገጠመበትን ኤፍ-5ኢ እንውሰድ። ርዝመቱ 14.4 ሜትር፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8.1 ሜትር ገደማ ነው። በ48 ሲካፈል 30 እና 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ተራ ማካፈል ነው፤ ነገሩ የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው። ርዝመት 48 ጊዜ ሲያንስ የክንፉ ስፋት 48 በ48፣ ማለትም 2,304 ጊዜ ያንሳል፤ ይዘቱ ደግሞ 110,592 ጊዜ። ሙሉ ጭነት ይዞ 11 ቶን ገደማ የሚመዝነው ጄት፣ እፍግታው ሳይለወጥ ቢያንስ፣ 100 ግራም ብቻ ይሆናል። ክብደቱ ከክንፉ ይበልጥ ስለቀነሰ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ክንፍ የሚሸከመው ጫና በ48 ያንሳል፤ በአየር ላይ ለመቆየት የሚያሻው ፍጥነትም በ48 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ወደ 7 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ትንሹ ሞዴል በእጅ ተወርውሮ ሲንሳፈፍ ጄቱ ረጅም አስፋልት የሚሻበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለቱ ከተሞች ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ አየራቸው ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ሞዴል በቢቸና ሜዳ ከአሥር በመቶ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ይጠይቃል።

ወደ ዝርዝሩ ስንመጣ ሞዴል ሠሪ ለመዋሸት ይገደዳል። በጄቱ አካል ላይ በሁለት የብረት ገጾች መካከል ያለ የ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት በሞዴሉ ላይ 0.04 ሚሊ ሜትር፣ ከፀጉር የቀጠነ ይሆናል። በመርፌ የሚጫር መስመር ግን 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን በእውነተኛው ጄት ላይ ከ14 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነው! ይሁንና መስመሩ ካልተጫረ ዓይን ጄቱን አይለየውም። ምን ይጋነን፣ ምን ይተው? እኛም በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሰበቃ የለም እንበል» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ልጁ የተወውን ነገር ማወቁ ነው። ተማሪዎቻችን ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ጸሎት መክፈቻ አንብበው ያልፏታል።

«ስለምን ተዋጊ ጄት?» የሚለኝ ይኖራል። ተቃውሞው ክብደት አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ለብዙ ልጅ የጨዋታ ጥሪ አልነበረም። ጄቱን የማይሻ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሠርታ፣ በጣሊያኖች ተወስዳ፣ በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የተመለሰችውን «ፀሐይ»ን ይሥራ፤ ስሌቱ አንድ ነው። እኔ የማልደግፈው ከፋብሪካ ተገጣጣሚ ሆኖ የሚመጣውን የፕላስቲክ ሞዴል ነው፤ ልኬቱን ሌላ ሰው ጨርሶለታልና።