ደክሞናል ማለት ነውር ነው እንዴ?

ሰሞኑን እኛ ዘንድ አንድ ጥያቄ ከቡናው ጋር አብሮ ይፈላል። ለሴቶች መብት እጮኻለሁ የሚል ሰው «ደከመኝ» ማለት ይችላል ወይስ አይችልም?

እኛ ማለት ጋዜጠኝነት አብረን የተማርን፣ አብረን ተመርቀን ሥራ ፍለጋ አብረን የተንከራተትን አምስት ሴቶች ነን። ፌሚኒስቶች ነን። (ቃሉን ገና ስንናገረው ፊቱን የሚያጠቁር እንዳለ እናውቃለን፤ ይሁን።) ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ አብረናቸው እንሄዳለን፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲኖራቸው አጠገባቸው እንቀመጣለን፣ በቴሌግራም የሚልኩልንን መልእክት አንብበን እንመልሳለን። ማህበር አይደለንም፣ ማህተምም የለንም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ከአምስታችን አንዷ ጠፋችብን። መልእክቶቹን በሙሉ ታነብ የነበረችው እሷ ናት። ለምን እሷ ብትሉን «ጠንካራ ስለሆነች» እንላችሁ ነበር። መጀመሪያ መልስ መስጠት አዘገየች። ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወች። በመጨረሻ ከግሩፓችን ሳትሰናበት ወጣች። እኛስ ምን አልን? «ቀዘቀዘች» አልን። «ደሞዟ ሲጨመር ረሳችን» አልን። አንዷማ «ትግል ለሁሉም ሰው አይሆንም» እስከማለት ደርሳለች። (ማን እንደሆነች እናውቃለን፤ ይህንን ጽሑፍ አብራን እየጻፈች ነው።)

ከአንድ ወር በላይ ቆይተን ቤቷ ሄድን። የሄድነውም ልንወቅሳት ነበር። እናቷ በር ላይ ተቀበሉንና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ ሌሊት እየጮኸች ነው የምትነሳው፤ እናንተ ምንድነው የምታሠሯት?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ይዘነው የሄድነውን ወቀሳ እንደያዝን፣ ያስቀረቡልንን ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ዩኒቨርሲቲ እያለን ዜና በምን እንደሚጀመር፣ ምንጭ እንዴት እንደሚጠበቅ ተምረናል። የተደፈረች ልጅ እናትን ሲያዳምጥ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የሰማውን የት እንደሚያስቀምጠው ግን ማንም አላስተማረንም። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የ16 ዓመት ተማሪ በቡድን ተደፍራ ስትሞት፣ እኛ የእሷን ዕድሜ ለመድረስ ጥቂት የቀረን ልጆች ነበርን። በጦርነቱ ዓመታት ከትግራይ፣ ከአማራና ከአፋር የወጡትን የሴቶች ምስክርነቶች ያነበብነው ገና ተማሪ ሳለን ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ የተገደለችው የሰባት ዓመት ሕፃን ጉዳይ አገር ምድሩን ሲያነጋግር፣ ፎቶዋን በቀን ስንት ጊዜ እንዳየነው አንቆጥረውም። ይህ ሁሉ አንድ ቦታ መቀመጡ አይቀርም። ጓደኛችን ላይ እንቅልፏ ውስጥ ተቀመጠ።

እንግዲህ የእረፍት ነገር ሲነሳ ሁላችንንም የሚያሸማቅቀን አንድ ሐሳብ አለ። «እሷ ሳታርፍ እኔ እንዴት ላርፍ?» የሚለው። ከሳሿ ሴት ከገዛ ቤቷ ሸሽታ ሰው ቤት ተጠግታ እያለች፣ እኛ ስልካችንን ዘግተን ፊልም ብናይ ክህደት ይመስለናል። ሐሳቡ የሚመጣው ከደግነት ነው። ይሁን እንጂ ከሳሿ ሴት ሌሊት ስትደውል የሚያስፈልጋት ስልኩን የሚያነሳ ሰው ነው። አብሯት የወደቀ ሰው ምንም አይፈይድላትም።

ደግሞስ ሥራው የስንት ዓመት ነው? እስኪ ሒሳብ እንሥራ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባም ይፈቅዳል። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው። 40 ዓመት! በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። በሩ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። 48 ዓመት! ዛሬም ቢሆን ሕጉ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም አድርጎ ስለሚተረጉመው፣ ባል ሚስቱን ቢደፍር በዚህ ወንጀል አይከሰስም። ይህኛው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እንጃ።

ለእነዚያ ለውጦች ከታገሉት መካከል በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ይገኝበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ፣ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ማህበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲከለክል፣ ማህበሩ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ለመቀነስ ተገዷል። አዋጁ በሌላ የተተካው በ2011 ዓ.ም. ነው። እነዚያን አሥር ዓመታት ሥራውን ሳይጥሉ ያለፉ ሴቶች አሉ። እኛ ገና በሦስተኛ ዓመታችን ከአምስት ወደ አራት ወረድን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለካ ለእኛ ኖሯል።

እረፍት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወዳለ ሎጅ ይሄዳል። ገንዘቡ ያለው ይሂድ፣ አንመቀኝም። የእኛ ደሞዝ ግን ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። ደግሞም ሁለት ቀን ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ሰኞ ጠዋት ወደ 60 ያልተነበቡ መልእክቶች መመለስ እረፍት አይባልም። ሸክሙን የሚቀበል ሰው ከሌለ የሄደው ሰው ልቡ አያርፍም።

ይህንን ነገር እናቶቻችን ከእኛ የበለጠ ያውቁበታል። አራስ ተነስታ እንጨት ፍለጡ፣ ውኃ ቅዱ አትባልም። ገንፎው ይሠራላታል፣ ልጁ ይታቀፍላታል። ክርስትና የሚያስነሱት ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው። ሐዘን የገባበት ቤትም እንዲሁ። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ብርጭቆ ያመጣል፣ ሴቶቹ ተራ ገብተው ንፍሮውን ይቀቅላሉ፣ ሐዘንተኛዋ እንጀራ ልጋግር ብላ አትነሳም። «ጠንካራ ነሽ፣ ትችይዋለሽ» ብሎ ጥሏት የሚሄድ የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የተባለው ይኸው ነው። እኛ የተማርነው ግን ሃምሳውን ሎሚ ለአንዲት ልጅ አሸክመን ጥንካሬዋን እናደንቅ ነበር።

(አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በዓል እረፍት ነው ይባላል፤ ዶሮውን የሚገነጥለው፣ ሽንኩርቱን የሚያቁላላው ግን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከእኛም መካከል ስለ እረፍት ስናወራ ቡናውን የምታፈላልን የቤት ሠራተኛ ያለችበት ቤት አለ። የእኛ እረፍት በሌላ ሴት ወገብ ላይ ከሆነ እረፍት ብለን ልንጠራው አፍረናል። አሁን ቡናውን በተራ እናፈላለን፣ እሷም እሑድ እሑድ ሙሉ ቀን የራሷ ናት።)

ከዚያች ከጓደኛችን እናት ጥያቄ በኋላ ከእድሩ የተዋስናቸው ጥቂት ደንቦች አሉን። መልእክት የሚያነብ በሳምንት አንድ ተረኛ ብቻ ነው፤ የቀረነው አንከፍትም። ፖሊስ ጣቢያ አንድ ሰው ለብቻው አይሄድም፣ ሁለት ሆነን ነው። ከባድ ጉዳይ ይዛ የዋለች ሰው እንደ ሠልስት ሦስት ቀን ከሥራው ትወጣለች፤ ራት ይዘንላት እንሄዳለን፣ ስለ ጉዳዩ ካላነሳችው አናነሳባትም። ወር ልረፍ ያለችውን ለምን ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ሌሊት እየጮኹ መንቃት ከመጣ ደግሞ የእኛ ራት አይበቃውም፤ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።

ኪሳራም አለው፣ አንዋሽም። ቀድሞ በዕለቱ ይመለሱ የነበሩ መልእክቶች አሁን አንዳንዴ ሁለት ቀን ይቆያሉ። እጃችን ላይ ያሉት ጉዳዮችም ጥቂት ናቸው፤ ከአቅማችን በላይ ሲሆን ነፃ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጡ ባለሙያዎች እንልካለን። ይህ ያንገበግበናል። ነገር ግን ባለፉት ስምንት ወራት ማንም አልጠፋብንም።

ጓደኛችን ወደ ሥራው አልተመለሰችም። ሐኪሟን እያየች ነው፣ እንቅልፏ ተሽሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡና ትመጣለች። መቼ ትመለሻለሽ ብለን አንጠይቃትም፤ ስሟ ግን ከተራ መዝገቡ አልተሰረዘም፣ አጠገቡ «አራስ» ብለን ጽፈንበታል። ባለፈው ሳምንት አይታው ሳቀች።

እናንተስ? ከመካከላችሁ ሰሞኑን ድምፅዋ የጠፋ ልጅ የለችም? ለወቀሳ ሳይሆን ራት ይዛችሁ ሂዱላት።

ቸር እንሰንብት።