የሞተር ስልጠና ዋጋውን ያወጣል?



ካራቆሬ ላይ ወጣቶቻችን ሞተር ለመግዛት በሬ ይሸጣሉ፣ ይበደራሉ። ስልጠና ክፈሉ ሲባሉ «ከጓደኛ ተምረናል፣ የቀረው ቀደር ነው» ይላሉ። ግመሉን ልሰር ወይስ በአላህ ልመካ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳሉት ሁላችንም እናውቃለን። ለቆላ ሰው ደግሞ ያልታሰረ ግመል ምን እንደሚሆን አይነገረውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሜዳ ላይ አዙሮ መንጃ ፈቃድ ብቻ የሚያስይዝ ስልጠና ዋጋውን አያወጣም። የእኛ መንገድ የአዲስ አበባ–ደሴ አስፋልት ነው፤ ተሳቢው ይከንፋል፣ ከብቱ ይሻገራል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም አራት እጥፍ ርቀት እንደሚያስፈልግ፣ የፊት ፍሬን ከኋላው የበለጠ እንደሚይዝ፣ ጠጠር ላይ በድንገት ከተጨበጠ ግን እንደሚጥል በተግባር የሚያሳይ አሰልጣኝ ከተገኘ ክፈሉ።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃስ? ሄልሜቱ ይቅደም። ስልጠና ብቻውን አደጋ እንደሚቀንስ ጥናቶች በእርግጠኝነት አላሳዩም፤ ሄልሜት ግን የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል። ስፖኪዮ ላይ የተንጠለጠለው አይቆጠርም። ወላጆችም ሞተሩን ስትገዙለት ሁለት ሄልሜት ግዙ፤ ከኋላ የሚጫነውም የሰው ልጅ ነው።